ጥገናው ወጥቷል፤ መንዝስ ደርሷል?

በአገራችን ስለ ቴክኖሎጂ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የገባው ዕቃ ነው። ለዚህ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ኮምፒዩተር፣ ለዚያ ጤና ጣቢያ ይህን ያህል ታብሌት ተሰጠ ይባላል። ርክክብ ይፈጸማል፤ ፎቶ ይነሣል። ዕቃው ከገባ በኋላ በየጊዜው የሚያስፈልገውን የሶፍትዌር ጥገና ማን ያደርስለታል የሚለው ጥያቄ ግን ሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ጥያቄ ነው።

አንድ ታሪክ ላስቀድም። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ መሠራጨት ጀመረ። ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ «ፋይላችሁን ከፈለጋችሁ ክፈሉ» አለ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ ሰረዙ፤ አምቡላንሶችን ወደ ሌላ ሆስፒታል ላኩ። ፕሮግራሙ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ጥገና ግን ማይክሮሶፍት ድጋፍ ይሰጣቸው ለነበሩት የዊንዶውስ እትሞች ማርች 14 ቀን አውጥቶት ነበር፤ 59 ቀን ቀድሞ ማለት ነው። የተቆለፉት ጥገናው ወጥቶ ሳለ ያልደረሳቸው ማሽኖች ናቸው። ያልደረሰ ጥገና ከቶም እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህ ፍርድ ላይ የቆመ ነው።

ኦፕን ሶርስ የምንላቸው፣ ምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወናዎች፣ ጥገና የሚደርስበትን መንገድ ሠላሳ ዓመት ሲያበጁት ኖረዋል። መንገዱ እስከ ደጃችን መጥቷል። የቀረው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው፤ እሱን እኛው ራሳችን ልንሠራው እንችላለን።

እነዚህ ስርዓቶች ከእኛ የራቁ እንዳይመስሏችሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ በኪሳችሁ ባለው አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተውና በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ደቢያን፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰርቨሮችን ያንቀሳቅሳሉ። ጤና ሚኒስቴራችን የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኦፕን ሶርስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት 5,000 ያህል ትንንሽ ኤክስ ኦ ላፕቶፖችም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር።

ምንጩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ማን ይጠብቀዋል የሚል ይኖራል። ይህን ጥያቄ የመንዝ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በመንዝ ያለው የጓሳ ሣር የአንድ ሰው አይደለም፤ የማኅበረሰቡ ነው። ግን ማንም በፈለገው ቀን አያጭደውም። አባቶች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባቆዩት ሥርዓት ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በውሳኔ ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ጓሳ ዛሬም ድረስ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ለምለም ቦታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በኦፕን ሶርስም የጋራ መሆንና ጠባቂ አልባ መሆን አንድ አይደሉም። ማንኛውም ሰው ኮዱን ያነባል፣ ይቀዳል፣ ማሻሻያ ያቀርባል። ወደ ዋናው ሥራ የሚገባውን የሚወስኑት ግን ሥራው የታወቀላቸው ኃላፊዎች ናቸው፤ ለማሻሻያ የሚከፈትበትና የሚዘጋበትም ጊዜ አለው።

እንግዲህ የጥገናውን ጉዞ ከመነሻው እንከተል።

መጀመሪያ አንድ ሰው ጉድለት ያገኛል። ተመራማሪ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ ለሌባ በር የሚከፍት ከሆነ ወዲያው በአደባባይ አይናገርም፤ ለሥራው ኃላፊዎች በምስጢር ያሳውቃል። እንደ ደቢያንና ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ አሠራጮች የደኅንነት ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ምስጢር የሚይዙት ቢበዛ ለ14 ቀን ነው። ያ ጊዜ ጥገናውን ለማዘጋጀት ነው እንጂ ችግሩን ለመደበቅ አይደለም። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ማኅበራዊ ቃል ኪዳኑ ችግሮቹን ከተጠቃሚ እንደማይሸሽግ ቃል ገብቷል። የችግሮቹ ዝርዝርም ለሕዝብ ክፍት ነው።

ቀጥሎ ጥገናው ይጻፋል፤ ሌሎችም ይመረምሩታል። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓቱ እምብርት፣ አዲስ እትም በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል። ቀደም ላሉት የተረጋጉ እትሞች ደግሞ በየሳምንቱ ገደማ ጥገና ይለቀቃል። ወደ ተረጋጋው እትም የሚገባ ጥገና ጥብቅ ደንብ አለው፦ አስቀድሞ በዋናው ሥራ ውስጥ መግባት አለበት፤ የታወቀ ችግር መፍታት አለበት፤ ዙሪያውን ካሉት መስመሮች ጋር ከ100 መስመር መብለጥ የለበትም። ትንሽ ለውጥ በቀላሉ ይመረመራል፤ ስሕተት ቢኖርበትም ቶሎ ይገኛል።

ሦስተኛው ደረጃ የአሠራጮቹ ነው። ደቢያን 12 ብቻ ከ64,000 በላይ ፓኬጆች፣ ማለትም የታሸጉ ሶፍትዌሮች፣ አሉት። የደቢያን ሰዎች በአንዱ ፓኬጅ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮግራሙን አዲስ እትም እንዳለ አያስገቡም፤ ጥገናውን ብቻ ለይተው በነበረው እትም ላይ ያኖሩታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ይህ በግልጽ ታይቷል። ቀዳዳው የነበረው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በሚባለው፣ በኢንተርኔት የምንልከውን የይለፍ ቃል በሚያመሰጥረው ሶፍትዌር ውስጥ ነው፤ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። የሶፍትዌሩ ባለቤቶች 1.0.1ጂ የሚባል አዲስ እትም አወጡ። ደቢያን በዚያው ዕለት ጥገናውን ለተጠቃሚዎቹ ሲልክ ግን የእትሙ ስም 1.0.1ኢ እንደሆነ ቀረ፤ ጥገናው መግባቱን የሚያሳየው ከኋላው የተቀጠለው ቁጥር ነው። እናንተም ሰርቨር ስትፈትሹ የእትሙን የፊት ቁጥር ብቻ አይታችሁ «ይህ አሮጌ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ።

ለምን እንዲህ ይደክማሉ? አዲሱን እትም እንዳለ መላክ አይቀልም ነበር? ይቀላል፤ ነገር ግን አዲስ እትም አዲስ ጠባይ ይዞ ይመጣል። ትናንት ይሠራ የነበረው የጤና ጣቢያ መዝገብ ዛሬ ጠዋት ላይከፈት ይችላል። አንድ ጊዜ እንዲህ የደረሰበት ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ማዘመንን ይፈራል። የተረጋጋ እትም የሚባለው ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ነው፤ ጥገናው ይገባል፣ ሥራችሁ እንደነበረ ይቀጥላል።

የዚህ ዝግታ ጥቅም እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ፊት ተመሰከረ። ኤክስ ዜድ የሚባል ፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር አለ፤ በየሊኑክሱ ውስጥ ይገኛል። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው ለዓመታት በትጋት እየረዳ አመኔታ አተረፈ፤ በመጨረሻም 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት እትሞች ውስጥ የምስጢር በር ቀበረ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ። መዘግየቱን ችላ አላለውም፤ ምክንያቱን ፈልጎ በማርች 29 ቀን ይፋ አደረገ። ያ በር በዚያን ጊዜ የደረሰው እንደ ደቢያንና ፌዶራ ባሉ አሠራጮች የሙከራ ክፍሎች ውስጥ ነበር፤ የደቢያን የተረጋጋ እትም ውስጥ አልገባም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ ከሁሉ በፊት አዲሱን የያዙት ተጋለጡ። ጉዳዩ የተገኘውም ምንጩ ክፍት ስለነበር ነው፤ አንድ ሰው ተጠራጥሮ እስከ ሥሩ ድረስ መቆፈር ችሏል።

አሁን ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ጥገናው ተሠራ፤ ተመረመረ። ከዓለም ሰርቨሮች ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ከተሞች፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ራቤል፣ ወደ ዓለም ከተማ እንዴት ይመጣል?

ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት አገር መልሱ ቀላል ነው። በኡቡንቱ የደኅንነት ጥገና በየቀኑ ራሱ ወርዶ ራሱ ይጫናል። የእኛ ሁኔታ ግን ይታወቃል። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይደክማል፤ ዳታ ውድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በእነዚያ ወራት በዓለም ላይ ቀዳዳ መገኘቱ አላቆመም፤ ጥገና መውጣቱም አላቆመም።

ስለዚህ ኢንተርኔት ሳይኖር ጥገና በእጅ ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ ብለን እንጠይቅ። ይቻላል። ከዚያም በላይ፣ በኢንተርኔት የመጣውን ያህል አስተማማኝ ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ደቢያንና ኡቡንቱ እያንዳንዱን ፓኬጅ በስሌት አሻራ ይመዘግባሉ። ከፓኬጁ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ይለወጣል። የፓኬጆቹ አሻራ በዝርዝር ውስጥ ይጻፋል፤ የዝርዝሩ አሻራ ደግሞ በአንድ ዋና ማውጫ ላይ ይሰፍራል፤ ያ ዋና ማውጫ በአሠራጩ ዲጂታል ፊርማ ይታተማል። ፊርማውን የሚያረጋግጠው ቁልፍ ስርዓቱ ሲጫን ጀምሮ በኮምፒዩተራችሁ ውስጥ አለ። አፕት የሚባለው ጫኝ ፕሮግራም ፊርማውን ከማውጫው፣ ማውጫውን ከዝርዝሩ፣ ዝርዝሩን ከፓኬጁ ጋር ያመሳክራል። አንዱ ካልገጠመ አልጭንም ይላል።

ይህ ማለት አስተማማኝነቱ ያለው በጥቅሉ ላይ ነው፤ በተሸካሚው ላይ አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ በጣርማ በር አድርጎ መሐል ሜዳ ይግባ፣ ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ ይድረስ፣ መንገድ ላይ የነካካው ሰው ቢኖር ኮምፒዩተሩ ራሱ ያውቃል። አሁን በየከተማችን በፍላሽ ከሚዞረው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ጋር አነጻጽሩት። እሱን ስትጭኑ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ትባላላችሁ። ማን እንደነካው፣ ምን እንደጨመረበት የምታረጋግጡበት መንገድ የለም። ፋይላችንን ደብቀው በቦታው ሾርትከት የሚተዉት ቫይረሶች ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚጓዙት በዚያው ፍላሽ ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የሊኑክስ ከርነል የሚሠራጭበት የጂ ፒ ኤል ፈቃድ መቅዳትንና ማደልን በግልጽ ይፈቅዳል፤ በደቢያን ዋና ክምችት ውስጥ ያሉት ፓኬጆች በሙሉ እንዲህ ዓይነት ነጻ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። ማንንም ሳንለምን፣ ሳንሰርቅ፣ ሳንፈራ ለጎረቤት ወረዳ ልናካፍል እንችላለን።

መሣሪያዎቹም ተዘጋጅተዋል። አፕት-ኦፍላይን የሚባለው ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገውን በትንሽ ፋይል ጽፎ ይሰጣችኋል፤ ያን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ጥገናዎቹን ታወርዳላችሁ፤ ተመልሳችሁ ትጭናላችሁ። አፕት-ካሸር-ኤንጂ ደግሞ ለትምህርት ቤት ላብራቶሪ ነው። 30 ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው 300 ሜጋባይት ቢያወርዱ 9,000 ሜጋባይት ይሆናል፤ በዚህ መሣሪያ ግን አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከዚያው ከክፍሉ ውስጥ ይወስዳሉ፤ ከውጭ የሚመጣው 300ው ብቻ ነው። ሙሉ ክምችቱን በቅጂ ለመያዝ የሚፈልግ አፕት-ሚረርን ይጠቀማል። ለአንድ እትምና ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆነው ክምችት 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አይሞላም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ መጀመሪያ የምትጭኑበትን ፋይል አሻራና ፊርማ ሳታረጋግጡ አትጫኑ፤ የኋላው እምነት ሁሉ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የኮምፒዩተሩን ቀን ተመልከቱ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሿ ባትሪ ካለቀች ማሽኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛውን ማውጫ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። የደቢያን የደኅንነት ማውጫ የማብቂያ ቀንም ስለተጻፈበት ዲስኩ ከተሞላ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ይህ የተደረገው ማንም አሮጌውን አዲስ ነው ብሎ እንዳያታልላችሁ ነው።

ስለ ስልክ ሳልናገር አላልፍም፤ ለአብዛኛው ሰው ኮምፒዩተሩ ስልኩ ነውና። አንድሮይድ በኦፕን ሶርስ ላይ ቢመሠረትም የጥገናው መንገድ እንደ ደቢያን አይደለም። ጎግል ከኦገስት 2015 ጀምሮ የደኅንነት ጥገናዎችን በመደበኛነት ያወጣል። ጥገናው ግን በቺፕ ሠሪውና በስልክ ሠሪው በኩል ማለፍ አለበት፤ ስልክ ሠሪው ካላሳለፈው እናንተ ዘንድ አይደርስም። ጎግል ለፒክስል 8 ስልኩ የ7 ዓመት ማዘመኛ ቃል ሲገባ፣ ብዙ ርካሽ ስልኮች ከዚያ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ነው ያላቸው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ አንዳንዱ የስርዓቱ ክፍል በቀጥታ ከጎግል እንዲታደስ መደረጉ ጥሩ እርምጃ ነው፤ ሙሉ መፍትሔ ግን አይደለም። ስልክ ስትገዙ ስለ ካሜራው የምትጠይቁትን ያህል «እስከ መቼ ይታደሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ቤት ስትገቡም የስልካችሁን ቅንብር ከፍታችሁ የመጨረሻው የደኅንነት ጥገና የመቼ እንደሆነ እዩ።

ይህ ጥያቄ ለመሥሪያ ቤትም የግድ ነው። የኤክስ ኦ ላፕቶፖቹ ስርዓት የተመሠረተው በፌዶራ ላይ ነበር፤ አንድ የፌዶራ እትም ድጋፍ የሚያገኘው ለ13 ወር ገደማ ነው። የገጠር ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ግን አምስት፣ ስድስት ዓመት ያገለግላል። የዕቃው ዕድሜና የጥገናው ዕድሜ መመጣጠን አለባቸው። የኡቡንቱ ረጅም ድጋፍ ያለው እትም ለ5 ዓመት ይታደሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24.04 እስከ 2029 ማለት ነው። በመካከል የሚወጡት እትሞቹ ግን 9 ወር ብቻ ስለሚታደሱ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት አይሆኑም። ደቢያንም በረጅሙ ድጋፍ ታክሎ 5 ዓመት ይሰጣል፤ ደቢያን 13 የወጣው በኦገስት 2025 ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14 ቀን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። በየትምህርት ቤቱ ያሉ፣ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችሉ ማሽኖች ወደ መጋዘን ከመሄዳቸው በፊት ደቢያንን ወይም ኡቡንቱን መጫንን አስቡበት።

በመጨረሻ ለተማሪዎቹ አንድ ቃል አለኝ። ይህ መንገድ ወደ እኛ ብቻ አይመጣም፤ ከእኛም ይሄዳል። ግዕዝ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባው፣ ሊኑክስ የኢትዮጵያን የቀንና የገንዘብ አጻጻፍ የሚያውቀው፣ የአቢሲኒካ ፊደል በደቢያን ውስጥ እንደ አንድ ፓኬጅ የሚገኘው ሰዎች ጉድለት አይተው ስለሠሩ ነው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሠራው የአማርኛ አካባቢ መግለጫ (የቋንቋ፣ የቀንና የገንዘብ አጻጻፍ ቅንብር) ዛሬ በዓለም ሁሉ በሚጫን ሊኑክስ ውስጥ አለ። የራቤል ተማሪ በአማርኛው ትርጉም ላይ ስሕተት ካየ ሊያሳውቅ፣ ሊያርምም ይችላል፤ የሚመዘነውም በሥራው ነው። ያ እርማት የተናገርኩትን መንገድ ሁሉ ተጉዞ ስቶክሆልምና ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ይደርሳል።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ የትምህርትና ምርምር መረብ ጋር ለመገናኘት ከማናችንም ይቀርባል፤ የደቢያንና የኡቡንቱ ሙሉ ቅጂ እንዲያስቀምጥ እንጠይቀው። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሃርድ ዲስክና አንድ ኃላፊ ይመድብ፤ ዲስኩ በየወሩ ተሞልቶ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ይድረስ። የትምህርት ቤትና የጤና ኃላፊዎች ከአሁን በኋላ ዕቃ ስትረከቡ በሰነዱ ላይ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ እስከ መቼ ይታደሳል? ማንስ ያድሰዋል? መልስ የሌለው ዕቃ ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት መልሱን ጠይቁ። ጥገናውን የሚሠሩት ሰዎች ድርሻቸውን በየሳምንቱ እየተወጡ ነው፤ የቀረው ርቀት ከደብረ ብርሃን እስከ ወረዳችን ያለው ብቻ ነውና እኛ እንሸፍነው።